ያውቁ ኖሯል? ሎሚው ጆግ ውስጥ ከመግባቱ በፊት

በካምፓላ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው ሰፈሮች መካከል ካባላጋላና ካንሳንጋ ይገኙበታል። ሁለቱንም አቋርጦ የሚያልፈው የጋባ መንገድ ቁልቁል ወርዶ የሚያበቃው የከተማዋ የመጠጥ ውሃ በሚጣራበት በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? የቡናው፣ የሊጡ፣ የወጡ ውሃ ከዚያ ይመጣል። አሁን አሁን ደግሞ ሎሚ፣ ኪያርና ናና ተዘፍዝፎበት ፍሪጅ ውስጥ የሚያድረው፣ ወጣቶች “ዲቶክስ” የሚሉት የፍራፍሬ ውሃም እንዲሁ። የዛሬው ዓምዳችን በእሱ ላይ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፍሬው ይቆረጣል፣ ውሃ ይደረግበታል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይጠጣል። ጥቅሙም የታወቀ ነው፤ ውሃ መጠጣት የሚሰለቸው ሰው ጣዕም ሲያገኝ ይጠጣል፣ ለስላሳውንም ይተዋል። ይሁንና በካምፓላም ሆነ በአዲስ አበባ የዚያ ጆግ ጤናማነት የሚወሰነው ፍሬው ከመግባቱ በፊት ነው፤ በውሃው፣ በእጁ፣ በቢላዋውና በመክተፊያው። ስለዚህ ከውሃው እንጀምር።

የጋባ የመጀመሪያው ማጣሪያ ጣቢያ የተሠራው በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው። ሁለተኛው በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ሦስተኛው በ2007 ተጨምረዋል። የሚያስተዳድራቸው በ1972 የተቋቋመው የኡጋንዳ ብሔራዊ የውሃና ፍሳሽ ኮርፖሬሽን ነው። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ ጋባ ብቻውን ስላልበቃት በስተምሥራቅ፣ ሙኮኖ ውስጥ፣ ካቶሲ ላይ በቀን 160 ሚሊዮን ሊትር የሚያጣራ ሌላ ጣቢያ ተሠርቷል።

የጋባ ጣቢያ ውሃ የሚስብበት የመርቺሰን ባሕረ ሰላጤና የከተማዋን ፍሳሽ ተሸክሞ የሚወርደው የናኪቩቦ ቦይ መድረሻ አንድ መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? በቦዩና በባሕረ ሰላጤው መካከል ያለው የናኪቩቦ ረግረግ ነው። በረግረጉ የሚበቅለው ደንገል ነው፤ የጣና ሰዎች ታንኳቸውን የሚያስሩበት ያው ደንገል። ተክሉ ከፍሳሹ ውስጥ ናይትሮጅኑንና ፎስፈረሱን እየመጠጠ፣ ደለሉንም እያስቀረ ውሃውን ወደ ሐይቁ ይለቃል። ረግረጉ በእርሻና በግንባታ በጠበበ ቁጥር ግን ሐይቁ ይቆሽሻል፣ ማጣሪያ ጣቢያውም ተጨማሪ ኬሚካልና ተጨማሪ ወጪ ይጠየቃል። ደንገሉን መጠበቅ የመጠጥ ውሃን መጠበቅ ነው።

ካምፓላ ላይ አንድ ብርጭቆ የቧንቧ ውሃ የሚጠጣ ሰው የሚጠጣው ነጭ ዓባይ የሚነሳበትን ሐይቅ ነው። ወንዙ ከሐይቁ የሚወጣው ከከተማዋ 80 ኪሎ ሜትር ያህል በስተምሥራቅ፣ ጂንጃ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሃኒንግ ስፒክ እዚያ የደረሰው በ1862 ሲሆን፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ የደረሰው ግን ከዚያ 92 ዓመት ቀድሞ በ1770 ነበር። ነጭ ዓባይና ከግሽ የሚነሳው ዓባይ የሚገናኙት ካርቱም ላይ ነው። የቡጋንዳ ሰዎች ሐይቁን ናሉባሌ ይሉታል።

ከጣቢያው ተጣርቶ የወጣ ውሃ ቤት እስኪደርስ ንጹሕ ሆኖ እንደሚቆይ ዋስትና የለም። ቧንቧ ይሰነጠቃል፣ ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ሳይታጠብ ይከርማል። ቧንቧ የሌለው ቤት ደግሞ በሃያ ሊትር ቢጫ ጀሪካን ያስቀዳል፤ የጀሪካኑ ውስጥ በእጅ አይደረስምና እንደ ልብ አይታጠብም። በየሰፈሩ ያሉት ምንጮች ቢታጠሩም ቢገደቡም ብዙዎቹ ከአካባቢያቸው መጸዳጃ ጉድጓዶች በሚሰርግ ፍሳሽ ይበከላሉ። የካምፓላ ሰዎች ውሃ አፍልተው የሚጠጡት ለዚህ ነው።

ለማፍላት የሚያስፈልገው ጊዜ ከከተማ ከተማ እንደሚለያይ ያውቁ ኖሯል? ካምፓላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,190 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ደግሞ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በዚህ ምክንያት ውሃ ካምፓላ ውስጥ በ96 ዲግሪ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ምክርም በከፍታው ልክ ነው፦ ከ2,000 ሜትር በታች ላለ ሰው እየተንተከተከ 1 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ ላለ ሰው 3 ደቂቃ። ከአዲስ አበባ ወደ ካምፓላ የሄደ ሰው ከሰል ይቆጥባል፤ ከካምፓላ የተመለሰ ደግሞ ሁለት ደቂቃ ይጨምር።

እግረ መንገዳችንን፦ ካምፓላ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ሲፈልጉ ባለሱቁን “ፐርኮሌተር” ይበሉት፤ እዚያ የሚታወቀው በዚህ ስሙ ነው።

የፈላ ውሃ ጣዕሙ ለምን ይሞታል? በውስጡ የሟሟው አየር በሙቀቱ ስለሚወጣ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ ከአንድ ንጹሕ ዕቃ ወደ ሌላ ንጹሕ ዕቃ ከፍ አድርገው ጥቂት ጊዜ ቢያገላብጡት አየሩ ይመለሳል፣ ጣዕሙም ይነቃል። ሁለት ሦስት ቁራጭ ሎሚም በበኩሉ ይረዳል።

ውሃውን የሚያክሙት በክሎሪን ከሆነ ግን ይህን ልብ ይበሉ። ሎሚው ቶሎ ከገባ ክሎሪኑን እንደሚያመክነው ያውቁ ኖሯል? ቫይታሚን ሲ ከክሎሪን ጋር ሲገናኝ ክሎሪኑን ያጠፋዋል፤ የፍሬው ሥጋም እንዲሁ ክሎሪን ይበላል። ስለዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ ውሃ አጋር ወይም ቢሻንጋሪ፣ ኡጋንዳ ውስጥ ዋተርጋርድ ወይም አኳታብስ የሚጠቀም ሰው በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ 30 ደቂቃ፣ ሳይሞላ ሎሚ ጠብ ማድረግ የለበትም። ቀድሞ ካደረገ መድኃኒቱ ተህዋሱን ሳይገድል ራሱ ይሞታል። ጊዜው ከሞላ በኋላ ሲጨመር ነገሩ ይገለበጣል፤ ሎሚው የክሎሪኑን ሽታ ያጠፋና ውሃውን ያጣፍጠዋል። የቀረው የክሎሪን ጥበቃ አብሮ ስለሚጠፋ ግን ያ ውሃ በዕለቱ መጠጣት አለበት።

“ሎሚ ራሱ ይገድለዋል” የሚሉ አሉ። የአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 ባወጡት ጥናት የሎሚ ጭማቂ ያለበት ውሃ በጠራ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ኢ.ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ቁጥሩ በ30 ደቂቃ ውስጥ በጣም መቀነሱን አይተዋል። አብረው የተሞከሩት ቫይረሶች ግን እንዲያ አልተበገሩም። ሥራውን የሠሩት ፀሐይና ሎሚ አብረው መሆናቸውንም አይርሱ። ፍሪጅ ውስጥ፣ በጨለማ፣ ሁለት ቁራጭ ሎሚ ያልተጣራ ውሃን አያጠራም።

የፀሐይ ነገር ከተነሳ፣ ነዳጅም ከሰልም ለሌለው ሰው ጥሩ ዘዴ አለ። የጠራ ውሃ በጠራ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ፣ ጠርሙሱን አጋድሞ ደማቅ ፀሐይ ላይ 6 ሰዓት ማስቀመጥ፤ ሰማዩ ከደመነ 2 ቀን። ነገሩን ቤሩት ውስጥ አፍቲም አክራ የተባሉ ሊባኖሳዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ አጥንተውታል። ካምፓላ ውስጥ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ትልቁ ዝናብ ወቅት የሁለት ቀኑን ደንብ መያዝ ይበጃል።

ከሁሉ በላይ መነገር ያለበት የ2015ቱ ነገር ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ በካምፓላ መሀል ከተማ፣ ገበያውና ሱቁ በተጨናነቀበት አካባቢ፣ ታይፎይድ ተነሳ። እስከ ሰኔ ድረስ በበሽታው የተጠረጠሩት ሰዎች ከ10,000 በላይ ደረሱ። መርማሪዎቹ ምንጩን ሲያስሱ የደረሱበት በትንንሽ የፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ በየመንገዱ በሚሸጥ ውሃና ባልፈላ ውሃ በተዘጋጀ የፓሽን ፍሩት ጭማቂ ላይ ነበር። ፓሽን ፍሩቱ ጤናማ ፍሬ ነው፤ የገዛውም ሰው ለጤናው ብሎ ይሆናል የገዛው። ያሳመመው የተቀላቀለበት ውሃ ነው። የቤቱ ጆግም ከዚህ የተለየ ሕግ የለውም። ለልጆችዎ የሚያቀርቡት የፍራፍሬ ውሃ ካልፈላ ወይም ካልታከመ ውሃ ከተሠራ፣ ቀለሙ ቢያምርም ጤና አይሆንም።

በ2007 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት ከ21 ምግብ ቤቶች የተሰበሰቡ 76 የሎሚ ቁራጮች ተመርምረው 70 በመቶ ያህሉ ላይ ተህዋስያን መገኘታቸውን ያውቁ ኖሯል? ሎሚ ኮምጣጣ ነውና ራሱን ያጸዳል የሚለውን እምነት ይህ ይሽረዋል። የሚያሻግሩት የቆራጩ እጅ፣ ቢላዋውና ያልታጠበው ልጣጭ ናቸው። ሎሚውን በሚፈስ ውሃ፣ ጣትዎን ልጣጩ ላይ እያሸከረከሩ ይጠቡት፤ ጫፍና ጫፉን፣ ግንዱ የነበረበትን ጎድጓዳ ሳይቀር። ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያ ለሎሚ አይሆንም።

ሐብሐብም ልጣጩ ስለማይበላ መታጠብ አያስፈልገውም የሚል አለ። ቢላዋው ከላይ ወደ ውስጥ ሲገባ መሬት ላይ የነበረውን ሁሉ ይዞ ነው የሚገባው።

አሁን ወደ ጣዕሙ እንሂድ። በመቶ ግራም ሎሚ ውስጥ 53 ሚሊ ግራም ያህል ቫይታሚን ሲ አለ። ጆግ ውስጥ የሚገባው ስስ ቁራጭ ግን ጥቂት ግራም ብቻ ነው የሚመዝነው፤ ከዚያም ወደ ውሃው የሚወጣው ከፊሉ ነው። ቫይታሚኑን የሚፈልግ ፍሬውን ይብላ። በተለይ ካምፓላ ገበያ ውስጥ ሞልቶ የተረፈው ዘይቱን በመቶ ግራም ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ቫይታሚን ሲ ስላለው ከሎሚ አራት እጥፍ ይበልጣል።

“ዲቶክስ” ስለሚባለውም በግልጽ እንነጋገር። ጤነኛ ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራል። ጉበትም ሥራውን ቀንና ሌሊት ይሠራል። ኪያርና ናና መርዝ ያወጣሉ ለሚለው ማስረጃ የለም። ኩላሊት የሚፈልገው ውሃውን ነው።

ባዶ ሆድ ሎሚ በሞቀ ውሃ ስብ ያቀልጣል የሚለውም እንዲሁ ነው። ነገር ግን በ2010 ይፋ በሆነ የአሜሪካ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለና ምግባቸውን የቀነሱ ሰዎች ከየምግቡ በፊት ግማሽ ሊትር ውሃ ሲጠጡ፣ ውሃ ካልጠጡት ይልቅ በ12 ሳምንት 2 ኪሎ ያህል ተጨማሪ ቀንሰዋል። ውሃው ተራ ውሃ ነበር።

ናና ውሃን ሳያቀዘቅዝ “ቀዘቀዘ” እንደሚያሰኝ ያውቁ ኖሯል? በውስጡ ያለው ሜንቶል በአፋችን ውስጥ ብርድን የሚያሳውቀውን ተቀባይ ይነካዋል። ይህ ተቀባይ የታወቀው በ2002 ሲሆን፣ ከተመራማሪዎቹ መካከል ዴቪድ ጁሊየስና አርደም ፓታፑቲያን ሙቀትንና ንክኪን በምንረዳበት መንገድ ላይ ላደረጉት ምርምር የ2021ን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ፍሪጅ ለሌለው ቤት ናና ትልቅ ነገር ነው። ቅጠሉን በመዳፍዎ መካከል አንድ ጊዜ ጠፍ ያድርጉትና ይጨምሩ፤ ከደቆሱት ግን ይመራል።

የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ ሌሊቱን ካደረ ውሃው ይመራል። መራራው ከልጣጩና ከሥሩ ካለው ነጭ ክፍል ይወጣል። የሚያድር ከሆነ ልጣጩን ያንሱለት፤ በሁለት በሦስት ሰዓት ውስጥ የሚጠጣ ከሆነ ይተዉት፣ ጥሩው መዓዛ ያለው እዚያው ልጣጭ ላይ ነው። ዝንጅብል ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ አይወጣም፤ በስሱ ቆርጠው ትንሽ የፈላ ውሃ ያፍስሱበት፣ ሲቀዘቅዝ ወደ ጆጉ ይጨምሩት።

ካምፓላ ከፍራፍሬ ውሃ ጋር የተዋወቀችው ዛሬ አይደለም። ሙናናንሲ የሚባል መጠጥ አላት፤ ለእኔ ከየትኛውም የጠርሙስ ጭማቂ ይበልጣል። የሉዌሮና የካዩንጋ አናናስ ናካሴሮና ካሌርዌ ገበያ ላይ ተቆልሎ ይሸጣል። ሻጩ በረጅም ቢላዋ ልጣጩን ገፎ፣ የአናናሱን ዓይኖች በሰያፍ እየቦረቦረ ያወጣል። ብዙ ሰው ሥጋውን በልቶ ልጣጩን ይጥላል፤ ሙናናንሲ የሚሠራው ግን ከዚያ ልጣጭ ነው። አናናሱ ሳይላጥ በብሩሽ ይታጠባል፤ ልጣጩ ከተወቀጠ ዝንጅብል ጋር ድስት ውስጥ ይገባል፤ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይፈላል፤ ወደ መጨረሻው ጥቂት ሻይ ቅጠል ጣል ይደረግበታል፤ ይጠለላል፤ ይቀዘቅዛል። ስኳር እንደ ሰው ነው፤ የበሰለ አናናስ ብዙም አይፈልግም። ውሃው ከፍሬው ጋር አብሮ ስለሚፈላ ከላይ ያወራንለት ጭንቀት ሁሉ እዚያው ድስቱ ውስጥ ያልቃል። ሁለት ቀን ከፍሪጅ ውጭ ከቆየ መፍላት ይጀምራልና ያን ያህል አያቆዩት። ጀማሪ ምን ልሥራ ብሎ ቢጠይቀኝ የምመክረው ይህን ነው።

ጠጅ ሣርም አለ። ኡጋንዳውያን ኪሱቢ ይሉታል፣ በሻይ ያፈሉታል። ሁለት ሦስት ቅጠል አጥፈው በፈላ ውሃ ዘፍዝፈው ቢያቀዘቅዙት ሎሚ ሳይኖር የሎሚ መዓዛ ያገኛሉ። ሙጃጃ የሚሉት ደግሞ የበሶ ብላችን ዘመድ ነው፤ እሱም በሻይ ይጠጣል።

በእኛስ አገር? ማር በውሃ ተበርዞ ሳይፈላ የሚጠጣው ብርዝ፣ ተቆልቶ የተፈጨ ተልባ በውሃ፣ ተቀቅሎና ተወቅጦ የተጠለለ ሱፍ፣ አድሮ ውሃው የተቀየረለት አብሽ፤ እነዚህ ሁሉ በጾምም በፍስክም ጥማት የሚቆርጡ ናቸው። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የዕቃው አያያዝ ነው። እናቶቻችን ጠላ ከመጥመቃቸው በፊት ጋኑን በግራዋ ቅጠል አሽተው አጥበው፣ አድርቀው፣ በወይራ ያጥኑታል። የሚጠጣው ነገር ከመምጣቱ በፊት የሚቀመጥበት ይታሰብለታል። ያው ግራዋ በኡጋንዳ ሙሉሉዛ ተብሎ እንደሚታወቅ፣ በዚያም ለመድኃኒትነት እንደሚፈለግ ያውቁ ኖሯል?

የሸክላ ማሰሮ ውሃን ያለ ኤሌክትሪክ የሚያቀዘቅዘው በግድግዳው ቀዳዳዎች የሚያልበው ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። አየሩ እርጥብ ሲሆን ትነቱ ይዘገያል፣ ቅዝቃዜውም ይቀንሳል። ክዳን ይኑረው፣ የሚቀዳበትም ረጅም እጀታ ያለው ጭልፋ ይሁን፤ ኩባያ የያዘ እጅ ከገባበት የፈላው ውሃ መልሶ ይበከላል።

ሸክላው ከማቀዝቀዝ አልፎ ማጣራትም ይችላል። ኡጋንዳ ውስጥ ስፓውትስ ኦፍ ዎተር የተባለ ድርጅት ፑሪፋያ የሚባል የሸክላ ማጣሪያ ይሠራል። ጭቃው በእሳት ከሚቃጠል ዱቄት ጋር ተቦክቶ ሲተኮስ ዱቄቱ ነዶ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይተዋል፤ ውሃው በእነሱ ሲያልፍ ባክቴሪያው ይቀራል። የዚህ ዓይነቱን ማጣሪያ በ1981 ያስተዋወቁት ጓቲማላዊው ፈርናንዶ ማሳሪዬጎስ ናቸው።

ጥቂት ማስጠንቀቂያዎች። የሎሚ ጭማቂ የአሲድ መጠን በፒኤች ሲለካ ከ2 እስከ 2.6 ነው፤ የጥርስ ገለፈት ከ5.5 በታች መሟሟት ይጀምራል። ቀኑን ሙሉ የሎሚ ውሃ ፉት እያሉ መዋል ለጥርስ አይበጅም። ጠጥተው ሲጨርሱ አፍዎን በተራ ውሃ ይጉመጥመጡ፤ ለመቦረሽ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ።

ግሬፕ ፍሩት ከአንዳንድ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድ የመድኃኒቱን መጠን በደም ውስጥ ከልክ በላይ እንደሚያንረው የታወቀው በ1989 ካናዳ ውስጥ፣ ለሌላ ጉዳይ በተደረገ ሙከራ ላይ ነው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያን ፍሬ ጆጉ ውስጥ ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ይጠይቅ።

ለኩላሊት ጠጠር ግን ሎሚ ወዳጅ ነው። በውስጡ ያለው ሲትሬት የካልሲየም ጠጠር እንዳይሠራ ያግዛል። ጠጠር የወጣለት ሰው በቀን 2.5 ሊትር ሽንት እንዲሸና ይመከራል፤ ለዚያ የሚበቃ ውሃ ለመጠጣት ጣዕሙ ጉልበት ይሰጣል።

ተቅማጥ ለያዘው ልጅ የፍራፍሬ ውሃ መድኃኒት አይደለም። የሚያስፈልገው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ኦ.አር.ኤስ. ነው። ከጠፋ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 ልስ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው እየሰጡ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ተራ ውሃም አይሰጥም፤ የእናቱ ጡት ይበቃዋል። ማር ያለበት ነገር ዓመት ሳይሞላው አይቀምስም።

ስንት እንጠጣ? የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2010 ያወጣው መጠን ለሴት በቀን 2 ሊትር፣ ለወንድ 2.5 ሊትር ነው፤ ከምግብ የሚገኘው ውሃ እዚህ ውስጥ ይቆጠራል። ኪያር 95 በመቶው፣ ሐብሐብ 92 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ቡናም ይቆጠራል፦ በ2014 በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ቡና የለመዱ 50 ወንዶች በቀን 4 ስኒ ጠጥተው ሲመረመሩ፣ ውሃ ከጠጡበት ጊዜ የተለየ የፈሳሽ ጉድለት አልታየባቸውም። ለቡና አገር ሰው ይህ የምሥራች ነው።

ዕድሜ ሲገፋ የጥማት ስሜት እንደሚደክም ያውቁ ኖሯል? አረጋዊ ሰው አካሉ ውሃ እያጣ “አልጠማኝም” ሊል ይችላል። ቤትዎ እናት ወይም አባት ካሉ፣ በተለይ ከደጋው ወደ ሞቃታማው ካምፓላ ልጅ ለመጠየቅ የመጡ ከሆነ፣ እስኪጠይቁ አይጠብቋቸው። ናና ወይም ጠጅ ሣር ያለበት ብርጭቆ አጠገባቸው ያስቀምጡላቸው፤ በመዓዛው ይጠጡታል።

አንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ የሚወደደው መጠን በቀን 25 ግራም ያህል ነው። አንዷ ጠርሙስ የቀኑን አልፋለች ማለት ነው። የፍራፍሬ ውሃ ትልቁ ጥቅም ይህችን ጠርሙስ ከገበታው ማንሳቱ ነው።

የተዘጋጀው ውሃ ፍሪጅ ውስጥ ካልሆነ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ መብራት በሚጠፋበት ቀን ይህን ያስቡ። ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን ፍሬውን በማግሥቱ ያውጡት፣ ውሃውንም በዚያው ቀን ይጨርሱት። በዚያው ፍሬ ላይ አንድ ጊዜ እንደገና ውሃ መሙላት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ጣዕም የለውም። የተንሳፈፈበት አረፋ ወይም የኮመጠጠ ሽታ ካለ ሳይቀምሱ ይድፉት።

ዛሬ ማታ እንግዲህ ውሃውን ያፍሉ፤ ካምፓላ ከሆኑ 1 ደቂቃ፣ አዲስ አበባ ከሆኑ 3 ደቂቃ ያንተክትኩት። ከድነው ያቀዝቅዙት። እጅዎን በሳሙና፣ ሎሚውን በሚፈስ ውሃ ይጠቡ። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ፍሬ ይጨምሩበት።